የአቤ ጫማ በጊፋታ ሰሞን

ቤታችን ኮርኒስ እየተሠራለት ነው። ትናንት ሠራተኛው ልጅ ጀሶውን በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ በጥብጦ ሲያማስል ሽታው በኮሪደሩ አልፎ ሽንኩርት የምከትፍበት ድረስ መጣ። እርጥብ ጀሶ ምን ይሸታል ብትሉኝ በቅጡ ማስረዳት አልችልም። ዝናብ የመታው ኖራ ግድግዳ ይሸታል፣ ጠመኔም ይሸታል። ቢላዬን አስቀምጬ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

"እትዬ፣ ትንሽ ራቅ ይበሉ፤ ልብስ ላይ ይረጫል" አለኝ።

"ይረጭ" አልኩት።

ልጁ ሳይታዘበኝ አልቀረም። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ አቤነዘር ደግሞ ገና ዓይኑን በደንብ ያልገለጠ ሕፃን።

አቤ የተወለደው በሚያዝያ ዝናብ፣ እዚሁ ሶዶ ነው። ከእኔ በኋላ እናቴ ሳትወልድ ብዙ ዓመት ስለቆየች ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ጸልዮለት የመጣ ልጅ ነበር። አዋላጇ ብርድ ልብሱን ስትገልጠው ግን ቀኝ እግሩ ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ መርገጫው ዞሮ ሌላኛውን እግር ያያል። ሊራመድበት ሳይሆን ሊያጨበጭብበት የተሰጠው እግር ይመስል ነበር። አዋላጇ "ቆልማማ እግር ይባላል፤ በጊዜ ካመጣችሁት ይስተካከላል" አለች። ትልልቆቹ የሰሙት "ይስተካከላል" የሚለውን ነው። እኔ የሰማሁት "ቆልማማ" የሚለውን ነው።

ይህን ቃል ከዚያ በፊት የማውቀው ከአጎቴ ከቶማስ ቪዲዮ ቤት ብቻ ነበር። ቶማስ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። መናኸሪያው አጠገብ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ፊልም ያሳይ ነበር። ፊልሙ የሕንድ ይሁን የቻይና ለእሱ ልዩነት የለውም፤ ማይክሮፎን ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ይቀመጥና ይተረጉማል። ትርጉም ይበለው እንጂ ከቋንቋዎቹ አንዱንም አይችልም። የሰዎቹን ፊት እያየ ከራሱ ያወራል። እናት ስታለቅስ "ልጄን ወይም ሞቴን" ይላል፤ ፖሊስ ሲሮጥ "ባጃጁን አቁም!" ይላል። ሰዉ የሚመጣው ለፊልሙ ሳይሆን ለቶማስ ነበር። እኔንም እናቴ እንዳትሰማ አስምሎ ከመጋረጃው ኋላ ያስቀምጠኝ ነበር።

በእነዚያ ፊልሞች ውስጥ ክፉ ሰው የሚታወቀው በእግሩ ነው። ፊቱ ሳይታይ ጫማው ይታያል፤ አንዱ እግር ይራመዳል፣ አንዱ ይጎተታል። ያኔ ቶማስ ድምፁን ያወፍርና "መጣ! ቆልማማው መጣ! ልጆቻችሁን ሰብስቡ!" ይላል። ቤቱ በፉጨት ይናጋል። ልጅ የሚሰርቀው እሱ ነው፣ ቤት የሚያቃጥለው እሱ ነው፣ በመጨረሻም ገደል የሚገባው እሱ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ ደግሞ አንድ ሥዕል ነበር፤ እግሩ የተጣመመ ሰው በር ላይ ተቀምጦ እጁን ዘርግቷል። እንግዲህ እኔ በማውቀው ዓለም እንዲህ ያለ እግር ሁለት ሥራ ብቻ ነበረው፦ መግደል ወይም መለመን። አቤን አጠገቤ ሲያስተኙልኝ የትኛው እንደሚሆን ለማወቅ ፊቱን ደጋግሜ አየሁት። አዛጋ። ክፋት በስንት ዓመት እንደሚጀምር የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

አባቴ አናጢ ነው። የልጁን እግር በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ጫን አለና "እርጥብ ነው፤ እርጥብ እንጨት እሺ ይላል" አለ። እናቴን ከአዋላጇ ቃል ይልቅ ያጽናናት ይህ ይመስለኛል።

በየሳምንቱ ሆስፒታል መሄድ ጀመርን። ጀሶ የሚያስሩት ባለሙያ ጋሽ ፋንታሁን ይባሉ ነበር። ከጎጃም ተመድበው የመጡ ቀጭን ረጅም ሰው ናቸው፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ሁልጊዜ ነጭ ነው። የአቤን እግር በሁለት ጣት ይዘው፣ ልክ የተኛ ሰው እንዳይነቃባቸው የሚፈሩ መስለው፣ ቀስ እያሉ ወደ ውጭ ያመጡታል። ትንሽ ይመጣል። እዚያው ላይ ይዘው ከጣቱ እስከ ጭኑ በጀሶ ይጠቀልሉታል። "እሺ ጌታው፤ ለዛሬ ይበቃናል" ይሉታል። አቤ መጀመሪያ ይጮኻል፤ ጀሶው መሞቅ ሲጀምር ግን ዝም ይላል፤ እናቴም ያኔ ጡት ትሰጠዋለች። ስንመለስ ዝናብ እንዳያረጥበው እግሩን በፌስታል አስረን ባጃጅ ውስጥ እንገባለን። የዳሞታ ተራራ ጉም ለብሶ አይታይም፤ መንገዱ ጭቃ ነው።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ጠዋት ደግሞ አሮጌው ጀሶ ቤት ውስጥ ይነከራል። እናቴ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ታዘጋጃለች፣ አቤን ጭኗ ላይ ታስተኛዋለች፣ እኔ በኩባያ እያፈሰስኩ አርሳለሁ። ውኃው እንደ አጓት ይሆናል። መዝሙር በቀስታ ትዘምራለች፤ እኔ ደግሞ የላላውን ጫፍ ይዤ እተረትራለሁ። ያ ሽታ የዚያን ጊዜ ነው ቤቱን የሚሞላው። ከዚያ ሁሉ መጠቅለያ ውስጥ የምትወጣው እግር ትንሽ፣ የተጨማደደች፣ ካለፈው ሳምንት ትንሽ የተሻለች ነበረች።

እኔን ግን ሌላ ጭንቀት ይዞኝ ነበር። ከጋሽ ፋንታሁን ክፍል ግድግዳ ላይ ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል። በግራ በኩል እግሩ የተጣመመ ሕፃን ያለቅሳል፤ በቀኝ በኩል ሌላ ልጅ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይስቃል። በመካከላቸው ቀስት አለ። ያንን ቀስት አይቼ የደረስኩበት ነገር ይህ ነው፦ እዚህ ቤት ልጅ ይለውጣሉ። የሚያለቅሰውን ይወስዱና የሚስቀውን ይሰጣሉ። በሕፃንነቱ ካልተለወጠ ወላጅ ያውቅባቸዋል፤ በጊዜ አምጡት ያሉትም ለዚህ ነው። ብናገር እናቴ ትፈራለች ብዬ ትንፍሽ አላልኩም። ደግነቱ አቤ ከግራ ጆሮው ኋላ የባቄላ ቅርጽ ያላት ጥቁር ምልክት ነበረችው። ከሆስፒታል በተመለስን ቁጥር ባጃጅ ውስጥ ጆሮውን አጥፌ አያለሁ።

አንድ ቀን እናቴ ያዘችኝ። "መሲ፣ ጆሮው ላይ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ጉድፍ ነው" አልኳት።

እንዲህ እያልኩ ጥቂት ሳምንታት አለፉ። ምልክቷ ያችው ናት፤ እግሩ ግን ያው አይደለም። በግራ የሚያለቅሰውና በቀኝ የሚስቀው አንድ ልጅ መሆኑን ያመንኩት በአቤ ጆሮ ነው። ያን ቀን በደስታ ብዛት ጉንጩን ነክሼው አስለቀስኩት፤ እናቴም ቆነጠጠችኝ።

ቶማስም በዚያው ሰሞን ተለወጠ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ቤቱ ግጥም ብሏል፤ እኔ እንደ ልማዴ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ። ያቺ ጫማ መጣች፤ አንዱ እግር ይራመዳል፣ አንዱ ይጎተታል። ሰዉ "ቆልማማው መጣ!" የሚለውን ለመስማት ለፉጨት ከንፈሩን አሹሏል። ቶማስ ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ "እንደምን ዋላችሁ። መድኃኒት ገዝቼ ወደ ቤቴ እየሄድኩ ነው" አለ።

"ኧረ ቶማስ! ምን ነካህ?" አለ አንዱ ከኋላ። "ሰውዬው ክፉ ነው እኮ!"

"ማን ነገረህ?"

"ይኸው! ቢላዋ ይዟል!"

"ሽንኩርት ሊከትፍ ነው።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬው ግን ሽንኩርት አልከተፈም፤ የመንደሩን ሹም ወጋው። "ይኸው ገደለው! አሁንስ ምን ትላለህ?" ብለው ጮኹበት። ቶማስ ከበርጩማው ተነስቶ ቆመ። ሲቆጣ የማላውቀው ሰው ነው፤ በማይክሮፎን ስለሆነ ደግሞ ቁጣው መናኸሪያው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

"ገድሎታል! የገደለው ግን እጁ ነው! እግሩ ምን አደረገ? እግሩን ምን አድርጉት ትላላችሁ?"

ከዚያ ቀን በኋላ በቶማስ ቪዲዮ ቤት የሚያነክስ ሰው ሁሉ ባለ መድኃኒት፣ የጠፋ አጎት፣ ወይም ወታደር ሆኖ ቀረ። ግማሹ ደንበኛ ተማርሮ ሄደ፤ ግማሹ ዛሬስ ምን ይል ይሆን እያለ ቆየ። እኔ ቶማስን በጣም እወደው ነበር፤ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ግን መውደዴ አጠገቡ ስቀመጥ ሊያስለቅሰኝ ይደርስ ነበር።

በሐምሌ ጋሽ ፋንታሁን ከተረከዙ በላይ ያለችውን ጅማት በሐኪም በጥቂቱ ካስቆረጡ በኋላ የመጨረሻው ጀሶ ታሰረ። ሲፈታ እግሩ እግር ሆኖ ወጣ። እናቴ መርገጫውን በመዳፏ ይዛ አለቀሰች። ጋሽ ፋንታሁን ግን "ገና ነው" ብለው ጫማ አወጡ። ሁለት ትንንሽ ነጭ የቆዳ ጫማዎች ናቸው፤ ከሥራቸው በአንድ ብረት ተያይዘዋል። ለሦስት ወር ቀንም ሌትም፣ ገላውን ሲታጠብ ካልሆነ አይወልቅም፤ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት እስኪሞላው ሲተኛ ብቻ።

"ግራው እኮ ደህና ነው" አልኩ። "ጥፋት የሌለበት እግር ለምን ይታሰራል?"

"ወንድሙን ብቻውን እንዳይተወው ነዋ" አሉኝ። ወደ እናቴ ዞረው ደግሞ "አስተማሪ ነሽ፤ ታውቂዋለሽ። እግርም እንደ ተማሪ ነው፤ ካልከለሰ ይረሳል" አሏት።

አቤ ብረቱን ለመደው። እንዲያውም መጫወቻ አደረገው። ሁለቱን እግሮቹን በአንድነት አንስቶ አባቴ በሠራለት አልጋ እንጨት ላይ ይመታል፤ ኳ፣ ኳ፣ ኳኳ። ቶማስ ሲመጣ ምቱን ተከትሎ ይዘፍናል፣ እኛ እናጨበጭባለን። የነሐሴን ዝናብ ያሳለፍነው በዚያ ከበሮ ነው። ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ ልጁ መተኛቱንና መንቃቱን በእሱ ያውቁ ነበር።

መስከረም ገባ፤ ጊፋታ ደረሰ።

ለጊፋታ ሁልጊዜ ወደ አባቴ እናት ቤት እንሄዳለን፤ ከቦዲቲ ወጣ ብሎ ነው። እኛ አዮ ነው የምንላት፤ እንደ እናት። በወላይታ አዲሱ ዓመት ሲመጣ የሚጠረገው ቤት ብቻ አይደለም፤ የተጣላ ይታረቃል፣ ቂም ወደ አዲሱ ዓመት አይሻገርም። አዮ ደግሞ ከእናቷ የወረሰችው አንድ የራሷ ሕግ ነበራት፦ የታሰረ ነገር ታስሮ አዲስ ዓመት አይገባም። ዋዜማውን ቤቱን እየዞረች ትፈታለች። የፍየሏን ገመድ ትፈታለች፣ የጆንያዎቹን አፍ ትፈታለች፣ የሻሿን ጫፍ ቋጠሮ ትፈታለች። የሴት ልጆቹን ሹሩባ ሳይቀር ትፈታለች፤ አዲሱን ዓመት የምንቀበለው ፀጉራችንን አንጨባረን ነው።

በዚያ ዋዜማ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ጓዳ ናቸው፤ ቆጮ ይከትፋሉ፣ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመውን ቅቤ ያነጥራሉ፣ ዳጣ ይፈጫሉ። እናቴም እነሱ ጋ ናት። ወንዶቹ ከበሬው ጋር ደጅ ናቸው። አዮ አቤን ገላውን አጥባ ቡልኮዋ ላይ አስተኛችው፣ ከዚያ እኔን ጉልበቷ መካከል አስቀምጣ ሹሩባዬን ፈታች። ስትጨርስ ዓይኗ መልሳ ልታስርለት አጠገቧ ያስቀመጠችው ጫማ ላይ አረፈ። ብዙ አየችው።

"ይህስ?" አለች፤ ለእኔ አልነበረም።

ጫማውን አንስታ አልጋ ሥር አስገባችው። ጣቷን ቅቤ አስነክታ የአቤን ቀኝ እግር ከተረከዙ እስከ ጣቶቹ አሸችው፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ሳመቻቸው። "አንተም ግባ፣ ጌታዬ። ሰው ሁሉ ተፈቶ ሲገባ አንተ ለምን ታስረህ ትገባለህ?" አለችው። እኔ ከዚያ በፊት ያንን እግር ሰው ሲያክመው እንጂ ሲስመው አላየሁም ነበር። ደስ አለኝ፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ሲመሽ እናቴ እጇን እየጠራረገች ከጓዳ ወጣች። መሀል ቤት ቆማ ጆሮዋን አቀናች። ያ ሁሉ ሰው ያወራል፣ ይስቃል፤ የጎደለው ኳኳታው ነበር።

"አዮ፣ ጫማው የት አለ?"

"አዲስ ዓመት ነው ልጄ።"

"ባለሙያው እኮ አንድ ቀንም እንዳይወልቅ ብለዋል።"

"ባለሙያው አገሩ የት ነው?"

"ጎጃም።"

"ታዲያ ጊፋታን በምን ያውቃል?"

አባቴ በሩ አጠገብ ቢላዋውን መሳል ጀመረ፤ ቢላዋው የተሳለ ነበር። እናቴ ቀና ብላ ሁላችንንም አየችን። አማቷ ቤት ናት፣ ዋዜማ ነው፣ የሚከራከር ሰው ጠብ ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት ይገባል። የአዮ ሕግ ልጁን ፈትቶ እሷን አሰራት። "እሺ፤ ለነገ ብቻ" አለች።

ነገ ግን አላለቀም። በነጋታው አዮ ቤት ተበላ፣ በማግስቱ ጎረቤት፣ ከዚያ የአባቴ አክስት ጋ፣ ከዚያ ዝናቡ መንገድ ዘጋ። አቤ ከጀርባ ወደ ጀርባ እየተቀባበሉት ሁለት እግሮቹን ለየብቻ እያወራጨ ይስቃል። ያየው ሁሉ "እግሩ ደህና አይደል እንዴ! ምን ሆነ ብላችሁ ነው?" ይላል። እናቴ ይህን በሰማች ቁጥር ትንሽ ትረጋጋለች። ሳምንቱ እንዲህ ሄደ።

ሶዶ በተመለስን ዕለት እናቴ ጫማውን አወጣች። ግራው ገባ። ቀኙ እምቢ አለ። ከተረከዙ በኩል ጫማው ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ እግሩ በደንብ ሲገባ ተረከዙ በዚያ ይታያል። ዓይኗን አስጠግታ አየች።

"ተረከዙ የለም" አለች።

አባቴ ሞከረ። "እርጥብ ነው" የሚለውን አላለም። እግሩ ዳግመኛ ትንሽ ወደ ውስጥ ዞሯል፤ ለማያውቅ አይታይም፤ እኛ ግን አየነው። እናቴ ጫማውን ይዛ መሬት ተቀመጠች። "ባይመለስስ? በእኔ እሺታ እንዲህ ሆኖ ቢቀርስ?" አለች። አባቴ ስልኩን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ። ለአዮ ደውሎ ምን እንዳላት አላውቅም። በነጋታው ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች፤ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛለች፤ ቁርስ በሉ ብንላትም አልቀመጥ አለች። "ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እኔው እወስደዋለሁ" አለች።

ሦስታችን አቤን ይዘን ሆስፒታል ሄድን። እናቴ ካርድ ክፍል ተሰልፋ ሳለ "አቤነዘር!" ተብሎ ተጠራ። አዮ ልጁን አቅፋ ገባች፤ እኔ ተከተልኩ። ጋሽ ፋንታሁን እግሩን ይዘው አዩ፤ ፊታቸው ጠቆረ። አዮ ከጥቂት ቃል በቀር አማርኛ አታውቅም። እሳቸው "ሳሮ" ብለው ሰላም ከማለት በቀር ወላይትኛ አያውቁም። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

"ንገሪያቸው" አሉ። "የስንት ወር ሥራ በአንድ ሳምንት ነው ያፈረሱብኝ! ይህን ልጅ ያሰርኩት ጠልቼው ነው እንዴ? እንደገና ጀሶ ልሞክር ነው፤ እሱም እግሩ እሺ ካለኝ ነው።"

በትርጉም ሥራ ያሠለጠነኝ ቶማስ ነው። "እንኳን ደህና መጣሽ ይላሉ" አልኳት። "እግሩ ትንሽ ጀሶ ናፍቆታል ይላሉ።"

አዮ የጋሽ ፋንታሁንን ፊት አየች፣ የእኔን አየች። "መሲ፣ የዚህ ሰው ግንባር እንዲህ አይልም። ያለውን ንገሪኝ።"

ነገርኳት፤ "እሺ ካለኝ" የሚለውንም ጭምር። አዮ አቤን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። "እንዲህ በይው" አለች። "ክፋት አይደለም። የታሰረ ነገር ታስሮ አዲስ ዓመት አይገባም ብዬ ነው፤ ልጁ ተፈቶ እንዲገባልኝ ነው። እናቱ እንዳትወቀስ፤ እኔ ነኝ።" ይህን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ።

ጋሽ ፋንታሁን ተነፈሱ። ቁጣቸው በረደ፤ ጭንቀታቸው ግን አልበረደም። "በጎ አስበው ነው፤ ገብቶኛል። ግን ዛሬ ባስረው በሚመጣው በዓል ደግሞ ይፈቱታል። እንዴት ብዬ ላስረዳቸው?" አሉ። ይህን ለራሳቸው ነው የተናገሩት። አዮ ግን "ምን አለ?" ብላ ትጠብቀኛለች።

ዙሪያዬን አየሁ። ሊታሰር የተዘጋጀው መጠቅለያ ጠረጴዛው ላይ ነው።

"ቆጮ ነው ይላሉ" አልኳት።

"እንዴት ቆጮ?"

"እንሰቱ ተፍቆ ጉድጓድ ሲገባ በቅጠል ተሸፍኖ፣ ታስሮ፣ ድንጋይ ይጫንበት የለ? ሳይደርስ ቢከፈት ይበላሻል ይላሉ። አንቺ ለጊፋታ ብለሽ ያልደረሰ ጉድጓድ ትከፍቻለሽ? ይላሉ።"

"የምን ሞኝ ሴት ናት ያልደረሰ ጉድጓድ የምትከፍት!" አለች አዮ በቁጣ። "ጊፋታም ቢመጣ፣ እንግዳም ቢመጣ!" እንዳለች ቆመች። አፏን በእጇ ያዘች። የአቤን እግር አየች፣ ነጩን መጠቅለያ አየች።

"አልደረሰም ይላሉ" አልኳት ቀስ ብዬ።

"አልደረሰም" አለች። "ሳይደርስ ከፈትኩት።" ዕንባዋ መጣ። ከዚያ ጋሽ ፋንታሁንን እንደ አዲስ አየቻቸው። "ይህ የጎጃም ሰው ቆጮን ማን አስተማረው?"

"ምን አሉ?" አሉ ጋሽ ፋንታሁን።

"እሺ አሉ።"

"ይህን ሁሉ ተናግረው 'እሺ' ብቻ?"

አዮ መልስ አልጠበቀችም። አቤን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ እግሩን ራሷ ያዘችላቸው፤ ቅቤውንም አጠገባቸው አስቀመጠች። እናቴ ካርዱን ይዛ ስትገባ ጀሶው መሞቅ ጀምሮ ነበር።

አዮ ወደ ቦዲቲ አልተመለሰችም። ሦስት ሳምንት በሦስት ጀሶ እኛ ቤት ከረመች። ጠዋት ጠዋት ጀሶውን በመዳፏ ዳብሳ "ገና ነው" ትላለች። ልጁን ሊያቅፍ የመጣ ጎረቤት ሁሉ እጁን ሳይዘረጋ ስለ ጉድጓዱ ይነገረዋል። እግሩ እሺ ይል እንደሆነ ግን ማናችንም አናውቅም ነበር። እናቴ በጥቅምት ፀሐይ እንኳ ፊቷ አልፈታ ብሎ ከረመ። ከአዮ ጋር የሚነጋገሩት ስለ ውኃና ስለ ልብስ ብቻ ነበር።

የመጨረሻው ጀሶ የተፈታ ቀን ሁላችንም ክፍሉ ውስጥ ነበርን፤ አባቴም ቶማስም። ጋሽ ፋንታሁን እግሩን ወደ ላይ ገፉት፣ ወደ ውጭ አዞሩት፣ ለቀቁት። እንደተለቀቀ ቆየ። ፈገግ አሉ። ጫማውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

"ቤት ውስጥ ይህን የሚያስረው አንድ ሰው ይሁን" አሉ። "ማን ነው?"

እናቴ እጇን ዘረጋች፤ አስተማሪ ናት፣ እናቱ ናት፣ ማንም ሌላ አልጠበቀም። ቀኙን ጫማ አነሳች። ትንሽ ይዛው ቆየች። ከዚያ ዞራ ለአዮ ሰጠቻት።

"እኔ ነው" አለች አዮ በአማርኛ።

እግሩን አስገባች፣ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ጠበቅ አደረገች። እናቴ ጎንበስ ብላ በቀዳዳው አየችና "አለ" አለች። አዮ ጫማውን በሁለት እጇ እንደያዘች ወደ አቤ አጎንብሳ በወላይትኛ አወራችው። ጋሽ ፋንታሁን ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን አሉት? ዛሬ እንኳ ሳትጨምሪ።"

"ያሰርኩህ እኔ ነኝ፣ የምፈታህም እኔ ነኝ። እስከዚያ አልሞትም አለችው።"

ጋሽ ፋንታሁን የአዮን ሽበትና የጎበጠ ትከሻዋን አዩ። "አራት ዓመት እኮ ነው። ነግረሻቸዋል?" አሉኝ በቀስታ።

ነገርኳት። አዮ አቤን ከነብረቱ አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገችው።

"እንሰት ተክዬ ከዚያ በላይ ጠብቄ የለ" አለች። "ይህን እግር አልጠብቅም?"